ሥራው በማን ስም ነው? የአንድ ጎንደሬ ቪዲዮ ሠሪ ጉዳይ

በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ አንድ የጎንደር ወጣት ሽማግሌ ልኮ ልጅ ሲያስጠይቅ የልጅቱ አባት ለጥቂት ቀናት ካሰቡበት በኋላ የሰጡት የእምቢታ ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፤ ልጁ ሥራ የለውም። ወጣቱ በዚያን ጊዜ አራት ዓመት ያለፈውና ከ20,000 በላይ ተከታይ ያለው የዩቲዩብ ቻናል ነበረው። የእናቱን የቤት ኪራይና የታናሽ እኅቱን የኮሌጅ ክፍያ የሚሸፍነውም ከዚሁ በሚያገኘው ገንዘብ ነበር። የቀበሌ መታወቂያው ላይ ግን «ሥራ» በሚለው ቦታ የተጻፈው «ሥራ ፈላጊ» የሚል ነው። ይህም የተጻፈው በሒሳብ አያያዝ ተመርቆ በወጣበት ዓመት ሲሆን፣ በኋላ መታወቂያውን ሲያድስ ይህን የሚያስለውጥ ማስረጃ ይዞ ስላልቀረበ ጽሑፉ እንደነበረ ቀጠለ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ጉዳዩን ያወቀው የሽማግሌዎቹን ጉባኤ በሒሳብ አንባቢነት እንዲያግዝ ስለተጠራ ነው። ባለጉዳዮቹ ታሪኩ እንዲጻፍ የፈቀዱት ስማቸውና ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር እንዳይወጣ በማሰብ በመሆኑ፣ ለጥያቄው የማይጠቅሙ ዝርዝሮች ቀርተዋል። ጥያቄው ቪዲዮ ሠርቶ በኢንተርኔት መልቀቅ ሥራ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበር፤ በሽምግልናው ሂደት ግን ከተጀመረበት ወደ ሌላ ስፍራ አመራ፤ የሚጠቅመውም እርሱ ይመስለኛል።

የቻናሉ ዋና ጉዳይ የገበያ ዋጋ ነው። ወጣቱ ቅዳሜ ማለዳ ወደ ቅዳሜ ገበያ ይወርድና የጤፉን፣ የበርበሬውን፣ የቅቤውን፣ በዓል ሲቃረብም የበጉንና የዶሮውን ዋጋ ከሻጭ ከገዥው እየጠየቀ ይቀርጻል። እሑድ በስልኩ ላይ በካፕካት ኤዲት ያደርጋል፣ ድምፅ ያስገባል፣ ተምኔሉን ማለትም የቪዲዮውን የፊት ምስል ይሠራል፤ መብራት ከጠፋም ፒያሳ ጀነሬተር ያለው ካፌ ፈልጎ ይቀመጣል። ተመልካቾቹ በአብዛኛው አሜሪካና ዓረብ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። አንዳንዶቹ የሚያዩት ከናፍቆት ነው፤ አስተያየት ከሚጽፉት መካከል ግን ብዙዎቹ አገር ቤት ያለው ዘመድ ለበዓል የጠየቃቸው ገንዘብ ከገበያው ዋጋ ጋር መግጠሙን ለማረጋገጥ እንደሚያዩ በግልጽ ይናገራሉ። ይህ ዘመዶቻቸውን ደስ የሚያሰኝ አይደለም፤ ነገር ግን ለቻናሉ ከሳምንት ሳምንት የማይቀር ተመልካች የሰጠው እርሱ ነው።

ሥራው ከሩቅ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ነጋዴዎቹ ከገቢዎች የተላከ መስሏቸው ዋጋ አንነግርም ይሉት ነበር፤ ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን የሚሸፍኑ ሴቶችም ነበሩ። ስለዚህ ሳይቀርጽ እየተመላለሰ መግዛት፣ ስም ማወቅና ሰላምታ ማድረስ ነበረበት። አንድ ጊዜ ሙሉ ቀን የለፋበት ቪዲዮ ላይ ከኋላ ካለ ሱቅ የሚጮኽ ዘፈን ገብቶበት የቪዲዮው ገቢ በሙሉ ወደ ዘፈኑ ባለመብት ሄደ፤ የዩቲዩብ መለያ ሥርዓት የተመዘገበን ሙዚቃ በራሱ ጊዜ ይለያልና። ከዚያ በኋላ የገበያውን ድምፅ በተቻለው መጠን እያጠፋ በራሱ ድምፅ መተረክ ጀመረ።

ገንዘቡ እንዴት እንደሚመጣ ለሽማግሌዎቹ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ረጃጅም ቪዲዮ የሚሠራ አንድ ቻናል ከማስታወቂያ ገቢ እንዲካፈል 1,000 ተከታይ ሊኖረውና ባለፉት 12 ወራት ውስጥ 4,000 ሰዓት ሊታይ ይገባዋል፤ ይህን ሲያሟላ ከረጃጅም ቪዲዮዎቹ ማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶው የባለ ቻናሉ፣ ቀሪው የኩባንያው ይሆናል። ከ8 ደቂቃ በላይ በሆነ ቪዲዮ መካከል ማስታወቂያ ማስገባት ስለሚቻል የወጣቱ ቪዲዮዎች በሙሉ ከዘጠኝ ደቂቃ የማያንሱት በአጋጣሚ አይደለም። የማስታወቂያው ዋጋ የሚወሰነው ተመልካቹ ባለበት አገር በመሆኑም፣ ቨርጂኒያ ተቀምጦ የሚያይ አንድ ሰው ጎንደር ተቀምጠው ከሚያዩ ብዙ ሰዎች የበለጠ ገንዘብ ያመጣል።

የአባትየው ተቃውሞ እንዲሁ የሚናቅ አልነበረም። ሰውየው ሠላሳ ዓመት ያህል በመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግለው በጡረታ የተገለሉ ናቸው። ለእርሳቸው ሥራ ማለት ጠዋት የሚጠብቅህ፣ ወር ሲያልቅ የሚከፍልህ፣ ስታረጅም የሚጦርህ ነው። በግል ድርጅት የተቀጠረ ሰው እንኳ ከደመወዙ 7 በመቶ ሲቆረጥበት አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለትና ለጡረታ ይቀመጥለታል፤ ለዚህ ልጅ ግን ማን ይጨምርለታል ብለው ጠየቁ። ከዚህ በተጨማሪ ስለ ኢንተርኔት ቪዲዮ የሚያውቁት ሌሊት በቲክቶክ ላይቭ ገብተው ስጦታ ላኩልን እያሉ የሚለማመጡትን ወጣቶች ነበር፤ ልጃቸውን ለዚያ ዓይነት ኑሮ አልሰጥም ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? ስጦታ መለመንና የገበያ ዋጋ ዘግቦ ከማስታወቂያ መካፈል የተለያዩ መሆናቸውን ለማስረዳት ረጅም ጊዜ ፈጅቷል።

ከዚህ በታች ሌላም ነገር ነበር፤ ማንም ስሙን ባይጠራውም። አዝማሪን ለሰርጉ ጠርቶ፣ ገንዘብ በግንባሩ ለጥፎ፣ ልጁን ግን የማይድርለት ኅብረተሰብ ነው የኛ። በእጁ ሥራ የሚያድረውን ሸማኔና ቀጥቃጭ መስደብ እንዲቀር አፄ ምኒልክ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ንቀቱ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። እንጀራ የሚያበላ ነገር ሁሉ በኛ ዘንድ ወዲያው ሥራ ተብሎ አያውቅም። አባትየው ልጁን «ካሜራ ይዞ ገበያ የሚዞር» ሲሉ የቃሉ ክብደት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ሁለቱ ከወጣቱ ወገን የተላኩ፣ አንዱ አባትየው የጨመሯቸው። አንደኛው ቀደም ሲል ዳኛ የነበሩ፣ ሁለተኛው የቤተሰቡ የንስሐ አባት የሆኑ ቄስ፣ ሦስተኛው በመተማ መስመር ሰሊጥ የሚነግዱ ሰው ናቸው። አባትየው «አባቶቼ፣ እናንተ መርምሩና ሥራ ነው ካላችሁኝ አፌን እዘጋለሁ» አሉ፤ ሽማግሌዎቹም ነገሩን ለማለባበስ አልፈለጉም። ወጣቱ የሁለት ዓመት ሒሳቡን እንዲያቀርብ ጠየቁት።

የቀረበው ወረቀት የሚያኮራም የሚያሳፍርም ነበር። በደህና ወር ከዩቲዩብ 200 ዶላር ገደማ ይገባል፤ ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ በሚውሉባቸው ወራት ከዚያም ያልፋል። በክፉ ወር ግን 60 ዶላር እንኳ አይሞላም። ኩባንያው የተጠራቀመው ገንዘብ 100 ዶላር ካልደረሰ ስለማይልክ፣ በእንዲህ ያለው ጊዜ ሁለት ወር ያለ ክፍያ ያልፋል። ክፉው ጊዜ የጀመረው በ2015 ዓ.ም ማብቂያ ነው። በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋረጠ። በዚያ ወቅት ጎንደር ሆኖ አንድ የዘጠኝ ደቂቃ ቪዲዮ መልቀቅ ማለት ዋይፋይ ያለው ቦታ ማፈላለግ፣ ካልሆነም ፍላሽ ለመንገደኛ ሰጥቶ አዲስ አበባ ላለ ጓደኛ መላክ ማለት ነበር። ጭንቀቱ በገቢ መቀነስ ብቻ አላበቃም፤ ለስድስት ወር ምንም ነገር ያልተለቀቀበትን ቻናል ኩባንያው ከገቢ ተካፋይነት ሊሰርዘው ይችላል። ወጣቱ ያንን ጊዜ ያለፈው በወር አንድ ቪዲዮ እንኳ ቢሆን በመንገደኛ እጅ እያወጣ ነው።

የሰሊጥ ነጋዴው ግን በዚያው ወረቀት ላይ ሌሎቹ ያላዩትን አዩ። ወጣቱ ምንም ባልለቀቀባቸው ሳምንታት ውስጥ ገንዘቡ ቀነሰ እንጂ አልቆመም፤ ሰዎች የቆዩትን ቪዲዮዎች ያዩ ነበር። ቢታመም ገቢው ወዲያው አይቋረጥም ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቀው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ የልጁም ገቢ በዶላር ሳይጨምር በብር ወደ እጥፍ ተጠጋ። አባትየው ይህንን ዕድል እንጂ ሥራ አይባልም ሲሉ ነጋዴው አልተስማሙም፤ የሰሊጥንም ዋጋ የሚወስነው እዚህ ያለው ገበሬ ሳይሆን ባሕር ማዶ ያለው ገዥ ነው፤ ዝናቡም ምንዛሬውም በእኛ እጅ አይደለም፤ ያም ሆኖ ሰሊጥ ንግድ አይደለም ያለን ሰው የለም ብለው መለሱ። ለእርሳቸው ጉዳዩ እዚህ ላይ አልቆ ነበር።

ለቀድሞው ዳኛ ግን ገና መጀመሩ ነበር። ገንዘቡ ከዩቲዩብ ተነሥቶ እናትየው እጅ እስኪገባ ድረስ ያለፈባቸውን ወረቀቶች አንድ በአንድ ጠየቁ፤ የጉዳዩ ዋና ክፍልም ይህ ነው። ዩቲዩብ ገቢ የሚያካፍለው ፕሮግራሙ በተከፈተባቸው አገሮች ለሚኖሩ ሰዎች ስለሆነ፣ ቻናሉ ሲጀመር የገንዘብ መቀበያ ሒሳቡ የተከፈተው አሜሪካ በምትኖረው የአክስቱ ልጅ ስም ነው። የአድራሻ ማረጋገጫው ቁጥር በፖስታ የደረሰው እርሷ ቤት ነው፤ የግብር ቅጹን የሞላችው እርሷ ናት፤ ገንዘቡም የሚገባው እርሷ ባንክ ነው። እርሷ ከዚያ ላይ 30 በመቶ አስቀርታ ቀሪውን ለወጣቱ እናት በሐዋላ ትልካለች። ብዙ የሐበሻ ቻናል ያደገው በዚሁ መንገድ ነው፤ በመተማመን፤ ያለ ወረቀት።

ወጣቱ ሠላሳ በመቶው የውለታ ዋጋ ነው ብሎ ሲያምንና ውስጥ ውስጡን ሲቆጨው ኖሯል። ሒሳቡ ሲታይ ግን አብዛኛው ክፍል ከእርሷ ኪስ የሚወጣ ግብር መሆኑ ታወቀ። ገቢው በስሟ ስለሚመዘገብ በአሜሪካ ሕግ በግል ሥራ የምትተዳደር ሰው ሆና ትቆጠራለች፤ ለማኅበራዊ ዋስትናና ለጡረተኞች ሕክምና የሚከፈለው የግል ሠራተኛ ግብር ብቻውን ከተጣራ ገቢ ላይ 15.3 በመቶ ይደርሳል፤ መደበኛው የገቢ ግብር ከዚያ በላይ ነው። ሒሳቡ ኢትዮጵያ ውስጥ በሚኖር ሰው ስም ቢሆን ኖሮም ከአሜሪካ ተመልካቾች ከሚገኘው ገቢ ላይ እስከ 30 በመቶ ግብር ተይዞ ይቀር ነበር፤ ይህ ከ2013 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ ተፈጻሚ ሆኗል። ስለዚህ የአክስቱ ልጅ ዘመዷን አልበዘበዘችም፤ ጥፋት ካለ ሠላሳውን በመቶ በግምት መቁረጧና ወረቀቱን አለማሳየቷ ነው።

ዳኛው ከዚህ ተነሥተው የደረሱበት ነገር ክፍሉን ጸጥ አሰኘው። አሜሪካ ባለው ወረቀት ቪዲዮ ሠሪዋ የአክስቱ ልጅ ናት። ጎንደር ባለው የባንክ ወረቀት ገንዘቡ ለአንዲት እናት ከዘመድ የተላከ ድጎማ ነው። በቀበሌው ወረቀት ወጣቱ ሥራ ፈላጊ ነው። ገበያ ሲዞር የዋለው ሰው በአንዱም ወረቀት ላይ ሠራተኛ ሆኖ አይገኝም። ነገ ሁለቱ ዘመዶች ቢጣሉ ወይም እርሷ አንድ ነገር ብትሆን የአራት ዓመት ልፋት የማን እንደሆነ የሚያስረዳ ቁራጭ ወረቀት የለም፤ አባትየው ሥራ የለውም ያሉት ያለ ምክንያት ቢሆንም፣ ሥራው ግን በእጁ አይደለም ቢሉ ልክ ይሆኑ ነበር።

በአገራችን ሕግ በኩል ጉዳዩ ይበልጥ ግልጽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ የሚለው በአሠሪ መሪነት ሥር ደመወዝ እየተቀበለ የሚሠራን ሰው ነው፤ የአክስቱ ልጅ ምን ይቀረጽ፣ መቼ ይለቀቅ ብላ አዝዛው ስለማታውቅ ወጣቱ የእርሷ ተቀጣሪ አይደለም። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ግን መቀጠርን አይጠይቅም፤ ለትርፍ ተብሎ በቀጣይነትም ሆነ ለአጭር ጊዜ የሚከናወን የሙያ ወይም የንግድ እንቅስቃሴ ሁሉ በንግድ ሥራ ትርጉሙ ውስጥ ይወድቃል። በወቅቱ በነበረው ድንጋጌ ዓመታዊ ገቢው ከ500,000 ብር በታች የሆነ ግለሰብ የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ ነበርና፣ ወጣቱም የሚመደበው እዚያ ነበር። ዳኛው አንድ ነገር ጨመሩ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የተፈጸመን ጥፋት ከሬዲዮና ከጋዜጣ ጋር አንድ ላይ አስቀምጦ ቅጣቱን ያከብዳል። መንግሥት ሥራህ ብሎ ሳይመዘግበው ተጠያቂነቱን ቀድሞ ጽፎለታል ማለት ነው። አባትየው ከሰሙት ሁሉ ይህ ያስደነቃቸው ይመስለኛል፤ ልጁ የሚሠራው ነገር የሚያሳስር ከሆነ ጨዋታ አለመሆኑን ለመቀበል አልተቸገሩም።

ቄሱ ብዙ አልተናገሩም። ልጁ እሑድ ከቅዳሴ በፊት ኤዲት እንደማያደርግ ካረጋገጡ በኋላ ሐሳባቸው በአንድ ነገር ላይ አረፈ፤ የገበያ ሴቶቹን ሳያስፈቅድ መልካቸውን ለዓለም እንዳያሳይ አደራ አሉት።

በሒሳቡ ውስጥ እስካሁን ያላነሣሁት ሌላ ገቢ ነበር፤ በእኔ ግምት ለጥያቄው ቀጥተኛ መልስ የሚሰጠው እርሱ ነው። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት፣ አንድ ካፌና አንድ የሰርግ አዳራሽ አጫጭር ማስታወቂያ እንዲሠራላቸው ይከፍሉት ነበር፤ አልፎ አልፎም ሰርግ ይቀርጽ ነበር። ይህ ገቢ ከዓመቱ ድምር ሲሶ ያህል ነው። በብር የሚከፈል፣ ደረሰኝ የሌለው፣ ግን ሙሉ በሙሉ የራሱ ነው፤ ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ሰርግ አልቆመምና የቤት ኪራዩ የተከፈለው ከዚህ ነበር። ደንበኞቹ የመጡት ቻናሉን አይተው ነው። ወጣቱ ራሱ ግን ይህንን «ትርፍ ጊዜ» ሲለው ዩቲዩቡን «ሥራዬ» ይለዋል። ሚዛኑ የተገላቢጦሽ መሆኑን ማመን ከበደው፤ እስካሁንም ሙሉ በሙሉ ያመነ አይመስለኝም።

ሽማግሌዎቹ ለአባትየው የሰጡት ቃል ሥራ ነው የሚል ሆኖ፣ ለወጣቱ ደግሞ በስምህ አድርገው የሚል ነበር። ቀነ ቀጠሮም ሰጡት። ወጣቱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አወጣ፤ ለፎቶና ለቪዲዮ አገልግሎት ንግድ ፈቃድ ወሰደ፤ የካፌውም የሰርግ አዳራሹም ክፍያ ከዚያ ወዲህ በደረሰኝ ሆነ። የአክስቱ ልጅ መጀመሪያ ብትቀየምም ሒሳቡ ሲነበብ የእርሷም ስም ከሐሜት መጽዳቱን ስታይ ተስማማች፤ ቪዲዮዎቹ የወጣቱ የፈጠራ ሥራ እንደሆኑ፣ እርሷ ገቢውን ተቀብላ የከፈለችውን ግብር በማስረጃ እያሳየች ቀሪውን እንደምትልክ የሚገልጽ ውል በሁለት ቅጂ ተፈራረሙ። ገንዘቡ ከእንግዲህ የሚመጣው በእናትየው ሳይሆን በእርሱ የባንክ ሒሳብ ነው። የቻናሉ የይለፍ ቃልና የባለቤትነት ድርሻ ወደ እርሱ ሲዞር የገንዘብ መቀበያው ሒሳብ ግን በእርሷ ስም ቀርቷል፤ ሊቀየር ስላልቻለ። ይህ ክፍተት አልተደፈነም፤ ዳኛውም አልደበቁትም። ንግድ ፈቃዱን ይዞ ቀበሌ ሲሄድ የመታወቂያው ጽሑፍ «የግል ሥራ» ተብሎ ተለወጠ።

ልጅቱ በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ የአንቺስ ሐሳብ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቋት ስለ ገንዘቡ ምንም አላነሣችም፤ የጠየቀችው እርሷም ሆነች ቤታቸው፣ ልጅ ቢወልዱም ልጃቸው በቻናሉ ላይ እንዳይታዩ በጽሑፍ እንዲሰፍርላት ነው። ወጣቱ ቢያንስ ሰርጉ እንዲፈቀድለት ተከራከረ፤ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ከገበያው ይልቅ ብዙ ተመልካች እንደሚያመጣ ለሁሉም ግልጽ ነበር። ዳኛው ሰርጉ የሥራው አካል ከሆነ ሙሽራዋም ክፍያ ሊገባት ነው ብለው በሣቅ ዘጉት፤ አባትየውም ለመጀመሪያ ጊዜ ከወጣቱ ጋር አብረው ሣቁ። አንቀጹ በሽማግሌዎቹ ወረቀት ላይ ሰፈረ፤ ሁለቱም ፈረሙበት።